ንፋስ የማይገባበት ሳሎን

ስሜን አልናገርም፤ ጎረቤቶቼም ማንበብ ይችላሉ። ማንነቴን ግን እነግራችኋለሁ። ድሮ፣ የአውቶቡስ መስኮት በእጅ በሚከፈትበት ዘመን፣ እዚህ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ከሰጉላ ወደ ኤን ጋኒም ተሳፍራችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ በዚህ አገር በሚያነደው የነሐሴ ሙቀት ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጥታ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትጠይቅ፣ አጠገባችሁ ያለውን መስኮት ግጥም አድርጋ ዘግታ የተመለሰችው ሴት እኔ ነኝ። አሁን የመጡት አውቶቡሶች መስኮታቸው አይከፈትም። ሰሚ አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ ከጣሪያው ማዝጋን የሚሉትን የአየር ማቀዝቀዣ ለቀቁብን። ከዚያ ወዲህ በበጋ ሻርፕ ሳልይዝ አልወጣም።

ንፋስ እፈራለሁ። ጨለማ አልፈራም፣ ሐኪም አልፈራም፣ የጦርነቱን ሮኬትም ቢሆን እንደማንኛውም ሰው ነው የምፈራው። ንፋስን ግን ከሰው አብልጬ እፈራለሁ። ያልተማረች ሆና ነው እንዳትሉ፤ ጎንደር ሳለሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ስለ ኦክስጂን ብትጠይቁኝ ቁጭ አድርጌ አስረዳችኋለሁ። ነገር ግን ሳይንስ ሌላ ነው፣ ንፋስ ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ሰጉላ ውስጥ በአንድ ማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሳጥን ስዘጋ ኖሬያለሁ። ሳጥኑ ይመጣል፣ ክፍቱን በፕላስተር አሽጋለሁ፣ ይሄዳል፤ ሌላ ይመጣል። ጡረታ ስወጣ ሥራው ከእጄ አልወጣም። ክፍት ነገር ሳይ ጣቶቼ አያርፉም። የፕላስተር ጥቅልም ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የልጅ ልጄ ያዔል ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ናት፤ ሊያ ብለው ስም አወጡላት። ያዔል የምትኖረው ኤም ሃሞሻቮት በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው። ሕፃኗ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ባሏ ሚሉኢም ለሚሉት የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ ተጠርቶ መለዮውን ለብሶ ሄደ። እናቷ፣ ማለት የእኔ ልጅ፣ ደቡብ ተቀጥራ የሰው ሽማግሌ ስለምትጦር ከሁለት ቀን በላይ ፈቃድ አላገኘችም። ታዲያ ልጅቱን ማን ያርሳት?

ሁለት እጩዎች ነበርን። አንደኛዋ ረሖቦት ከተማ ያለችው አማቷ ናት፤ አዲስ ቤት፣ በየክፍሉ በክረምት የሚያሞቅ ማዝጋን፣ በሩ ራሱ ይቆለፋል አሉ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ኤን ጋኒም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ሕንፃ። ያዔል ስልክ ደውላ «ሳብታ፣ አንቺ ጋ መምጣት እፈልጋለሁ» አለችኝ፤ ሳብታ አያቴ ማለት ነው። ለምን እኔን እንደመረጠች አልጠየቅሁም፤ ስትጠየቅ ሐሳቧን ብትቀይርስ? እሺ ለማለት «በሰደር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ያለ ምንም ሥራ ትንሽ ቆምኩ።

ጎንደር ሳለን በእኛ ወገን ልማድ ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን፣ ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ በሚሠራ የአራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። እዚህ ጎጆ የለም፤ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ነው ያለኝ። እኔ በልቤ ከምትመጣበት ቀን ጀምሬ ሰማንያዋን ቀን ያዝኩ። ለያዔል ያልኳት ግን «ባልሽ እስኪመለስ ተቀመጪ» ብቻ ነው።

የአራስ አጥንት ክፍት ነው። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። በዚያ ክፍት አጥንት ንፋስ ከገባ ደግሞ አገሩ አድርጎት ይቀመጣል፤ በሃምሳ ዓመቷ በጉልበቷ፣ በስድሳ ዓመቷ በወገቧ በኩል መልሶ ይጠይቃታል። ስለዚህ ያዔል ከመምጣቷ በፊት ፕላስተሬን ይዤ ቤቴን ዞርኩት። ያን ያህል ዓመት ስኖርበት ወንፊት መሆኑን አላወቅሁም ነበር። በዋናው በር ሥር አንድ። የቁልፍ ቀዳዳው ሁለት። በየመስኮቱ ትሪሱን፣ ተጠቅላዩን የመስኮት መዝጊያ፣ የምንስብበት ገመድ የሚገባበት ስንጥቅ አለ፤ እነሱ አራት፣ በድምሩ ስድስት። የመታጠቢያ ቤቷ ትንሽ መስኮት ሰባት። የሞተው ማዝጋን ቧንቧ የወጣበት ስምንት። የድሮው ስልክ ሽቦ የገባበት ዘጠኝ።

ወጥ ቤት ስገባ ደግሞ ከጣሪያው ሥር ግድግዳው ላይ ድፍን ብርቱካን የምታሳልፍ ክብ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ፊቷን በፕላስቲክ ወንፊት ሸፍነዋታል። ግንበኛው ረስቷት የሄደ መስሎኝ አዘንኩለት። ጎንበስ ስል ከወለሉ አጠገብ ሌላ እንደሷ ያለች አየሁ። ሁለት ጊዜ የሚረሳ ግንበኛ አይቼ አላውቅም። ሁለቱንም በሟቹ ባለቤቴ የሱፍ ካልሲዎች ጠቅጥቄ ላያቸውን በፕላስተር አሸግሁ። አሥራ አንድ። ከዚያ የመስኮቶቹን ጠርዝ ዙሪያውን ለጠፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ አልሠራሁም፤ እጥፋት የለው፣ አረፋ የለው፣ ፋብሪካው ቢያየው ወደ ሥራ ይመልሰኝ ነበር።

የቀረው ሙቀት ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን ሰካሁት፤ ከምድጃው ጋር አንድ ላይ ሲሠሩ መብራቱ ድርግም ይላል፤ ሽቦው የሕንፃው እኩያ ነው። አንድ ጎረቤት ከሰፈሩ ሲለቅቅ ትቶልኝ የሄደው የጋዝ ማሞቂያ ነበረኝ፤ ሲሊንደሩ ከጀርባው የሚቀመጥ፣ እግሩ ጎማ የሆነ። እሱን ከመጋረጃው ጀርባ አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ለኮስኩት። ሳሎኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቅ ውኃ እንደያዘ ማሰሮ ሆነ። ተቀመጥኩና በራሴ ኮራሁ።

ያዔል ሕፃኗን አቅፋ፣ አምስት ቦርሳ አስከትላ ገባች። በሩ ላይ ቆመች።

«ሳብታ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይህ? እዚህ ቤት አየር የለም!»

«ንፋስ የለም ማለትሽ ነው» አልኳት። «አየር አለ፤ ይኸው እየተነፈስኩ ነው።»

«መነጽሬ በጉም ተሸፈነ እኮ!»

«አውልቂዋ። እዚህ ምን የምታነቢው አለ?»

ሳቀች፤ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ግን ሳሙና የምታህል ነጭ ዕቃ አውጥታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመችልኝ። የቤት አየር የምትመረምር መሣሪያ ናት አለችኝ። «ሳብታ፣ ስሚኝ። አረንጓዴ ስትሆን ጥሩ ነው። ብርቱካን ስትሆን መስኮት እንከፍታለን። ቀይ ሆና ከጮኸች ያላ፣ ቶሎ ብለን ሁላችንም ከቤት ወደ ውጭ።»

እኔ ሰባ ዓመት ስተነፍስ ኖሬ፣ አሁን ሳሙና በምታህል ዕቃ ልፈተን።  መሣሪያዋ ወዲያው ብርቱካን ሆነች። ገና ቡናው ሳይፈላላት የሰውን ቤት የምትነቅፍ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ናት።

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ያዔል ሕፃኗን ይዛ ስትተኛ መሣሪያዋን አንስቼ ከበራችን ውጭ ደረጃው ላይ አስቀምጣታለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ትቆያለች፤ አረንጓዴ ስትሆን አስገባታለሁ። ልጅን ፀሐይ አሙቆ እንደማስገባት ነው። ያዔል ስትነሣ መሣሪያዋ እንደ ጎመን ለምልማ ትጠብቃታለች። «አየሽ?» እላታለሁ። ያዔል መሣሪያዋን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከእኔ የወረሰችው መሆኑን ማስታወስ ነበረብኝ።

በሳምንቱ ግድግዳው ማላብ ጀመረ። የሕፃን ልብስ በየቀኑ ይታጠባል፤ ውጭ ዝናብ ነው፤ ሳሎን ውስጥ በገመድ አሰጣዋለሁ። ጠዋት ስነሣ በመስኮቱ መስታወት ላይ ውኃ ይወርዳል፤ ሰፖንጃ የሚባለውን የወለል እጥበት ከግድግዳው ጀመርኩት። ከዚያ ከሶፋው በላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩበት። ከሦስት ቀን በኋላ ሻጋታው ከቀን መቁጠሪያው ወጥቶ በግራም በቀኝም አጮለቀ። የቀን መቁጠሪያውን አውርጄ የሠርጌን ፎቶግራፍ ሰቀልኩበት፤ እሱ ሰፊ ነው። ሻጋታው ሠርጉንም ደረሰበት። ከዚያ የሚሰፋ ነገር ቤቴ ውስጥ አልነበረኝም።

የሊያ አፍንጫ ተዘጋ። ስትጠባ ታንኮራፋለች፣ ትለቅቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ንፋስ ነው አልኩ። ከየት እንደገባ ለማግኘት ፕላስተሬን ይዤ ቤቱን እንደገና ዞርኩ። ሐሙስ ዕለት ያዔል ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጥ ቤት መጣች።

«ሳብታ፣ አትቆጪ። እሁድ ወደ ረሖቦት እንሄዳለን።»

ድንች እየላጥኩ ነበር። «ለጥየቃ?»

«አይደለም። ባሌ እስኪመለስ እዚያ እንሆናለን። ልጅቱ መተንፈስ አቅቷታል። አንቺ ደግሞ መስኮት አትከፍቺም።»

«በሰደር» አልኩ። ድንቹን ላጥኩ። ከዚያ ካጠብኩ በኋላ አንድ ጊዜ የተኮስኩትን የሕፃን ጨርቅ አውጥቼ ደግሜ ተኮስኩት። ከያዝኩት ሰማንያ ቀን ገና አሥራ ዘጠኙ ነበር ያለፈው።

ልመና አልችልበትም። ዘዴ ግን አውቃለሁ። ያዔል የእኛን አራስ ቤት አይታ አታውቅም፤ እኔን ብቻዬን ከፕላስተር ጋር ነው ያየችኝ። ሴቶቹ መጥተው ቤቱ ሞቅ፣ ደመቅ ሲል፣ ታላላቆች ሲመርቋት፣ የረሖቦት ማዝጋን ይህን እንደማይሰጣት ይገባታል ብዬ አሰብኩ። ለጓደኛዬ ለሙሉ ደወልኩ። ሙሉ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ወደዚህ አገር የገባች፣ በአንድ ቀን ፋብሪካ የገባች ናት፤ እኔ ሳጥን ስዘጋ እሷ ታወራ ነበር። «ዓርብ ረፋዱ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይዘሽ አራሷን ጠይቂልኝ» አልኳት። ለሙሉ ሁለት ሦስት ማለት አሥራ አራት ነው።

መጡ። ዳቦ የያዘች፣ ገንፎ በፎጣ የጠቀለለች፣ የሕፃን ካልሲ የሠራች። የሁሉ ታላቅ የሆኑት እማማ ጥሩወርቅ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ሦስት ፎቅ ወጡ። ሁሉም በሩ ላይ ሙቀቱ ሲቀበላቸው ፊታቸው ፈታ አለ።

«እሰይ! ቤት ማለት ይህ ነው!» አለች ሙሉ። «የልጆቹ ቤት ገብቼ ካፖርቴን አውልቄ አላውቅም። አንቺ፣ ይህቺ እሳት ከየት ናት? ጨምሪባት እስቲ!»

ጨመርኩባት። ወጥ ቤት ደግሞ ሦስት ድስት የሰንበት ወጥ ተጥዷል። እያንዳንዷ ስትገባ በሩን ከኋላዋ ግጥም አድርጋ ዘጋች፤ በሥሩ ያስቀመጥኩትን የፎጣ ጥቅልም ሳይነገራት በእግሯ መለሰችው። ሕዝቤ ነው፤ ማስተማር አያስፈልገውም። አሥራ አራት ሴት ሳሎኔን ሞላው። ያዔል ምርቃቷን ተቀብላ፣ ሕፃኗን አሳይታ፣ ልታጠባ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አይቻለሁ። ረሖቦት አንድ እርምጃ ራቀች አልኩ በልቤ።

ሙሉ የልጇን ሠርግ ታሪክ ጀመረች። አንዷ አዛጋች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ በሶፋው ላይ ያሉት አምስቱ በተራ በተራ አዛጉ። እኔም ራሴን ቅስፍ አድርጎ ያዘኝ፤ ግን ሙሉ ስታወራ ራስ ምታት የተለመደ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። አንዷ «አጥወለወለኝ» አለች። «ገንፎው ነው» አልናት። ማሞቂያዬ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፤ አምሮበታል አልኩ። መሣሪያዋ ብርቱካን ናት። እንግዳ ባለበት ተነሥቼ ወደ ደረጃው ማውጣት አፈርኩ፤ ሻሼን ጣል አደረግሁባት።

በሻሹ ሥር ቀይ ብርሃን አየሁ። ከዚያ መሣሪያዋ ጮኸች። ሳሙና የምታህል ዕቃ እንዲህ ትጮኻለች ብዬ ለደቂቃ እንኳ አስቤ አላውቅም።

«አዝዓቃ!» አለች ሙሉ፤ የአደጋ ደወል ማለቷ ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጩኸት የሰማ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሮኬት። ሕንፃችን መጠለያ ክፍል የለውም፤ ሲጮኽ ደረጃው ላይ ወጥተን በፎቅና በፎቅ መካከል እንቀመጣለን። አሥራ አራት ሴት በአንድ በር ለመውጣት ተነሣ። የበሩ ፎጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። አንዷ የገንፎውን ሳህን ይዛ ወጣች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ያዔል ሕፃኗን በደረቷ አቅፋ ከመኝታ ቤት ሮጠች። እኔ እማማ ጥሩወርቅን በብብታቸው ይዤ ወጣሁ። «ቀስ! ሮኬቱ ይጠብቀናል!» ይሉኛል።

ደረጃው ላይ ተደረደርን። ጎረቤቶችም በሮቻቸውን ከፈቱ። ከሁለተኛው ፎቅ ናሖም፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ግማሽ ፊቱ በመላጫ አረፋ እንደተሸፈነ ብቅ አለ።

«መቼ ጮኸ? ስልኬ ምንም አላለም» አለ በዕብራይስጥ።

«ስልክህ ተኝቷል። እኛ ሰምተናል» አለችው ሙሉ።

«እኔ ግን አልሰማሁም።»

«አንተ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ? የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ስንት ጊዜ ነገርንህ?»

ናሖም ክርክሩን ትቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ማን ያውቃል፤ አሥራ አራት ሴት በአንድ ላይ አይሳሳትም።

እኔ ሮኬቱን ረስቼዋለሁ። የታችኛው በር መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ የጣሪያው በርም ክፍት ነው። በፔታሕ ቲክቫ ከዚያ ደረጃ የበለጠ ንፋስ የሚነፍስበት ቦታ ካለ አላየሁም። የእኔ አራስ መካከሉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዬን አውልቄ ያዔልና ሊያ ላይ ደረብኩ፤ ንፋሱ አነሣው፤ መለስኩት።

«ኧረ እንዴት ደስ ይላል ይህ ንፋስ!» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ራሴን ተወኝ።»

«እኔንም ለቀቀኝ» አለች አንዷ።

«እማማ፣ አራስ አለች እኮ እዚህ» አልኳቸው። «ንፋሱ ይገባባታል።»

እማማ ዞረው አዩኝ። «የምን ይገባባታል? እኔ ስምንቱንም የወለድኩት በአራስ ጎጆ ነው። ግድግዳው እንጨት፣ ክዳኑ ሣር። ተኝቼ በግድግዳው ቀዳዳ አላፊ አግዳሚውን አይ ነበር፤ ባሌ ምግብ ሊያደርስ ሲመጣ በእግሩ ነበር የምለየው። ማን ደፈነው? እሳቱ መካከል ላይ ይነዳል፣ ጭሱ በሣሩ ይወጣል። ንፋሱ ከእኔ ጋር እኩል ነው የታረሰው!»

ሴቶቹ ሳቁ።  የመጀመሪያ ልጄን፣ የያዔልን እናት፣ የወለድኩት እዚያው ዓይነት ጎጆ ውስጥ ነው። ግድግዳውን አስታወስኩት፤ በእርግጥም ያሳይ ነበር። ጎጆው ራሱ ይተነፍስ ነበር፤ የእኔን ሳሎን ግን በኮንክሪት ሠርተውት፣ ማናፈሻ ብለው የተዉለትን ሁለት አፍንጫ እኔ በካልሲ ጠቀጠቅሁበት።

በዚህ መካከል ያዔል ራሷን ቀና አደረገች። ጩኸቱ አላቆመም ነበር። «ሳብታ፣ ሮኬት ሲሆን ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ግን በአንድ ድምፅ ነው የሚጮኸው። የሚመጣውም ከቤታችን ነው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መሣሪያዋ ናት! ማንም ሰው እንዳይገባ!» ስልኳን አውጥታ ለእሳት አደጋ ደወለች።

ናሖም ግን ጀግንነት ያዘው። ያዔል «አትግባ!» ስትለው ትንፋሹን ሳበና ጉንጮቹን ነፍቶ ዘለቀ፤ ማሞቂያውንና ምድጃውን አጥፍቶ ወጣ። ቀይ ሆኗል። «መስኮቱን ልከፍት ነበር» አለ እያለከለከ። «ማነው መስኮቱን በሙጫ ያጣበቀው?»

ሁሉም እኔን አየ። እኔ የገንፎውን ሳህን አየሁ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ፈጥነው ደረሱ። አለቃቸው ሽበታም፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው ነው። የሳሎኑንና የወጥ ቤቱን መስኮቶች በርግደው መሣሪያቸውን ይዘው ክፍል ለክፍል ዞሩ፤ የእያንዳንዳችንን ጣት ቆንጥጣ የምትለካ ዕቃም አደረጉብን፤ ደህና ናችሁ አሉን። ቤቱ በደንብ ሲናፈስ ጠሩኝ። አለቃው በጣቱ ግድግዳውን እየዳበሰ አንድ በአንድ ይነቅላል፤ የነቀለውን በጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራል። ፎጣ። ጥጥ። የጥጥ ክርና ጨርቅ። ካልሲ። ሌላ ካልሲ። ሴቶቹ ከበሩ ላይ ቆመው እንደ ጨረታ ያዩታል።

«ቆይ! ያቺ ሻሽ የእኔ አይደለችም?» አለች ሙሉ። «ከፋሲካ ጀምሮ የምፈልጋት!»

«ስልክ ሽቦው ጋ ነበረች» አላት ሰውዬው በትሕትና። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጌቬሬት፣ እሜቴ፣ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ» አልኩ። «ሞቷል።»

«እሱ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው» አለች ሙሉ። «ፕላስተሩ አዲስ ነው።» እንግዲህ ጓደኛ ማለት ይህች ናት።

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተቀምጦ እንደ ልጅ አስረዳኝ። እሳት እንደ ሰው ነው፤ አየር ይበላል፤ ክፍሉ ሲታፈንበት ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ሰው ያዛጋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይተኛል፣ አይነሣም። የወጥ ቤቱ ሁለት ቀዳዳዎች በሕግ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ የጋዝ ማሞቂያ በተዘጋ ቤት አይነድም፤ መኝታ ቤት ከነጭራሹ አይገባም፤ በየዓመቱ ባለሙያ ያየዋል። የእኔን ከስንት ዓመት በፊት እንዳሳየሁ ጠየቀኝ። መጋረጃ ጀርባ እንደነበረ ነገርኩት።

«አሥር ነው ያገኘሁት» አለ በመጨረሻ። «አለቀ?»

«አሥራ አንድ ነው» አልኩ። ሥራዬን አውቃለሁ። «የአራሷ መኝታ ቤት፣ የትሪሱ ገመድ ጋ፣ አንድ አለ።»

«እዚያ ምንም የለም። መስኮቱም ፕላስተሩ ተቀድዶ ትንሽ ክፍት ነው። የዚያ ክፍል አየር ስንገባም ጥሩ ነበር።»

ያዔል ከሕፃኗ የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥታ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠች። ከመጣች በሁለተኛው ቀን ነቅላው ነበር። እኔ ወለል ሳጥብ እሷ መጋረጃውን ጋርዳ መስኮቱን ትከፍታለች፤ እሷ ስትተኛ እኔ መሣሪያዋን ደረጃ ላይ አወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ስንተማመን ኖረናል።

«መሣሪያዋን ደረጃ ላይ እንደምታወጪያት አውቅ ነበር» አለችኝ በቀስታ። «ስትገባ ቀዝቃዛ ናት።»

እንግዶቹ ሄዱ። ሰዎቹ ማሞቂያዬን እንዳልለኩሰው አስጠንቅቀው፣ ሲሊንደሩን ፈትተው በረንዳ ላይ አቁመውልኝ ወረዱ። ናሖም ሌላው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ የዘይት ራዲያተር አመጣልኝ፤ «ምድጃው ሲሠራ አትሰኪው፤ ብቻውን ከሆነ መብራቱ አይጠፋም» አለኝ። ቤቱ በረደ። ከሠርጌ ፎቶግራፍ ጀርባ ያለው ጥቁር ግድግዳ ሳይታይብኝ ይቀራል ብዬ ነበር፤ የእሳት አደጋው ሰው ፎቶግራፉንም ከግድግዳው አውርዶት ሄዷል።

ያዔል መኝታ ቤት ገብታ ዕቃዋን ማጣጠፍ ጀመረች። እሁድ ሳይደርስ፣ ዛሬውኑ፣ ማታ ሰንበት ሳይገባ፣ ለመሄድ እንዳሰበች ገባኝ። ስልኳ አልጋው ላይ ይጮኻል፤ የአማቷ ፎቶግራፍ በርቷል። ገብቼ የተኮስኩትን ጨርቅ በቦርሳው ውስጥ አስተካክዬ ደረደርኩላት። ልመና አልችልበትም ብያችኋለሁ።

ቦርሳው ሞላ። ዚፑን ልዘጋው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ምላጭ አምጥቼ በመኝታ ቤቱ መስኮት ዙሪያ የቀረውን ፕላስተር ከላይ እስከ ታች ላጥኩት። በደንብ ለጥፌው ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ያዔል ማጣጠፏን ትታ ታየኛለች። መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፈትኩት። የክረምቱ ንፋስ ከነዝናቡ ሽታ ገባ።

ንፋሱ ክፍሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ እሺ። የሕፃኗን አልጋ ግን በቀጥታ ይምታ ያለ የለም። ወንበር አምጥቼ በመስኮቱና በአልጋው መካከል አስቀመጥኩና ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩበት። ሰፊ ሴት ነኝ።

«ሳብታ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተቀምጫለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ባልሽ እስኪመለስ።»

ያዔል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መሣሪያዋን አምጥታ ከሊያ ራስጌ አቆመቻት፤ ሁለታችንም አየናት። ብርቱካን ነበረች፤ ከዚያ፣ ማንም ደረጃ ላይ ሳያወጣት፣ አረንጓዴ ሆነች። ሊያ አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያዔል አነሣችው። «አይ፣ አትምጪ» አለች በዕብራይስጥ። «እዚህ ነን። እዚህ ደህና ነን።»

ዕቃዋን ከቦርሳው ማውጣት ስትጀምር ያላየሁ መሰልኩ። ጀርባዬን ብርድ መታኝ፤ እስከ ሰኞ ቀጥ ማለት አልቻልኩም። ለማንም አልተናገርኩም።